«በላት» ያሉኝ መስሎኝ

ይህ የደረሰብኝ በደርግ ጊዜ፣ ከደብረ ማርቆስ መጥቼ ኮምቦልቻ አንድ ፋብሪካ በተቀጠርኩ በጥቂት ወሩ ነው። ስንቱን ረስቻለሁ፤ ይህ ግን ባለቤቴ የስፌት መኪናዋን ፔዳል በረገጠች ቁጥር ይመጣብኛል። እሷ ደግሞ በየቀኑ ትረግጣለች።

ባለቤቴ ያኔ ስፌት ተምራ መኪና አልነበራትም። አንድ ቀን ጎረቤታችን «ደሴ፣ ሰኞ ገበያ አካባቢ የስፌት መኪና በሐራጅ ሊሸጥ ነው» አለኝ። ባለመኪናዎቹ ተፋተው ነው። ባልም ሚስትም ልብስ ሰፊ ስለሆኑ ሁለቱም «ለእኔ ይገባል» ብለው ተከራከሩ። መኪና ደግሞ እንደ ጣቃ ለሁለት አይቀደድ፤ ፍርድ ቤቱ ተሽጦ ገንዘቡን ይካፈሉ ብሎ አዘዘ። በሰው ፍቺ እኔ ምን አገባኝ? የማታ ተረኛ ስለነበርኩ ጠዋት አውቶቡስ ተሳፍሬ ዳገቱን ወጣሁ።

ሐራጁ የሚካሄደው በቀበሌው ግቢ ነበር። ሰው ሞልቷል። መኪናው መሀል ላይ ተቀምጧል፤ ጥቁር፣ ውልውል ያለ፣ ቀይ ክር መርፌው ላይ እንደተሰካ። አጠገቡ አንዲት ሴት ቆማለች። የፍርድ ቤቱ ሠራተኛ መነሻውን ዋጋ ሲጠራ እጇን ያነሳችው እሷ ብቻ ናት። ከዚያ ሁሉ ሰው አንድ እንኳ ትንፍሽ የሚል ጠፋ።

«ደሴዎች ዛሬ ምን ነካቸው? የእኔ ዕድል ነው» አልኩ በልቤ። ጨመርኩ።

ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። ሴትየዋ የሻሿን ቋጠሮ ዳሰስ አድርጋ ጨመረች። እኔም ጨመርኩ። እንደገና ጨመረች፤ አሁን ግን ቋጠሮውን ፈትታ ብሩን ከቆጠረች በኋላ ነው። እውነቱን ለመናገር አንጀቴን በላችኝና ልተወው ነበር።

ይኼኔ ከጎኔ የቆሙ አንድ ጥምጥማም ሽማግሌ ጠጋ ብለው «አፉ በላት፣ ልጄ» አሉኝ።

እኛ አገር «በለው!» «በላት!» ከተባለ ነገሩ ያለቀ ነው፤ ግፋ፣ እንዳትለቅ ማለት ነው። «አፉ» የምትለዋን አላውቃትም። አፍህን ክፈት፣ ጮክ በል ማለታቸው መሰለኝ። ጮክ አልኩና ከአቅሜ በላይ ጠራሁ። ሴትየዋ እጇን አወረደች።

«አንደኛ! ሁለተኛ! ሦስተኛ!» መኪናው የእኔ ሆነ።

ደስ ብሎኝ ወደ ሽማግሌው ዞርኩ። «እግዜር ይስጥልኝ አባቴ፣ እርስዎ ባይነግሩኝ ልተወው ነበር» አልኳቸው። አዩኝ፣ አዩኝና «ላ ኢላሃ ኢለላህ!» ብለው ከዘራቸውን ይዘው ሄዱ። ሴትየዋ መኪናው ዘንድ ሄዳ ቀዩን ክር ከመርፌው ላይ አወጣች፤ ጣቷ ላይ ጠቅልላም ወጣች። ለአንዲት ክር! «ንፉግ ናት» አልኩ።

ወራት አለፉ። ፋብሪካ ውስጥ አንድ የወሎ ልጅ ሳያየኝ እግሬን ረገጠኝና «አፉ በለኝ» አለ።

«ምን ልበልህ?»

ሳቀብኝ። «እናንተ ጎጃሞች! ይቅር በለኝ ማለት እኮ ነው።»

ሳቅ አልመጣልኝም። በእረፍት ቀኔ ደሴ ወጥቼ ሽማግሌውን አፈላልጌ አገኘኋቸው። ሸህ ሰይድ ይባላሉ። ነገሩን ስነግራቸው ራሳቸውን ያዙ።

«ልጄ፣ ዘሃራ ከዚያች መኪና ሌላ እንጀራ የላትም» አሉኝ። «የሰፈሩ ሰው ዱዓ አድርገን፣ ማንም እንዳይጨምርባት ተማምለን ነበር። ባሏ እንኳ በሽማግሌ ተለምኖ አፉ ብሏት፣ ላይጫረት ትቶላት ነበር። አንተ ከየት መጣህብን?»

ወደ ዘሃራ ወሰዱኝ። በሰው ሱቅ፣ በረንዳ ላይ ተቀምጣ በእጇ ቁልፍ ትተክላለች።

«አፉ በይኝ፣ እትዬ ዘሃራ» አልኳት። «ወላዲቷን፣ ቃሉን አላወቅኩትም ነበር።»

መርፌዋን አቆመች። እኔን ሳይሆን ከኋላዬ ያለውን መንገድ ተመለከተች። አንገቷን ሰገግ አድርጋ እስከ ማዶ ድረስ አየች።

«ባዶ እጅህን ነው የመጣህ?» አለችኝ።

«አዎ።»

«አብሽር፣ አፉ ብየሃለሁ» አለችና ወደ ቁልፏ ተመለሰች።

በመንገዱ ላይ ምን ትፈልግ እንደነበር የገባኝ አውቶቡሱ ቁልቁለቱን ሲጀምር ነው። መኪናውን ይዤላት የመጣሁ መስሏት ኖሯል። ቤት ስደርስ ባለቤቴ የተማሪ ዩኒፎርም ትሰፋለች፤ ትእዛዙ ተከምሯል፣ የቤቱ ወጪ እፎይ ብሏል። «ይህ ትእዛዝ ይለቅና እመልሳለሁ» አልኩ። ቀጥሎ ሌላ ትእዛዝ መጣ። ከዚያም ሌላ።

መኪናው ዛሬም ቤታችን አለ። ባለቤቴ ቀይ ክር ልታስገባ ስትል ሰበብ ፈልጌ እወጣለሁ። ቃሉን አለማወቄ ለዚያች ለሐራጁ ቀን ማመካኛ ይሆነኛል። ከዚያ ወዲህ ያለውን ግን እያወቅኩ ነው ያደረግኩት።