ለእትዬ ትርንጎ ያላነበብሁት ደብዳቤ

ወገኖቼ፣ የጌታ ሰላም ይብዛላችሁ። ልመስክር ብዬ እጄን ሳወጣ አንዳንዶቻችሁ ፈገግ ስትሉ አይቻለሁ፤ አባባ ደግሞ ያችን የልብስ ሰፊውን ታሪክ ሊደግሙልን ነው ብላችሁ ነው። አዎ፣ ያችኑ ነው። ዛሬ ግን እስከ ዛሬ ስነግራችሁ የዘለልሁትን ጨምሬ ልናገር ነው የቆምሁት። እባካችሁ አታጨብጭቡልኝ። ጌታ ይመስገን ብላችሁ ብታቋርጡኝ ደስ ይለኛል፤ እሱ ይገባዋል። ጭብጨባው ግን ለእኔ አይሆንም።

ምን አስነሳህ ትሉኝ ይሆናል። ባለፈው ሳምንት ከጸሎት ቤታችን ጀርባ፣ ከእኔ ጋር ንባብና ጽሕፈት ከሚለማመዱት የኮሌጅ ልጆች አንዷ መጽሐፏን ዘግታ አለቀሰች። «አባባ፣ አሥራ ሁለት ዓመት ተምሬ አንድ ገጽ አንብቤ ምን እንደሚል መናገር አልችልም» አለችኝ። «ሌሎቹ ሲጽፉ እጽፋለሁ፣ ሲገልጡ እገልጣለሁ። እርስዎ ከልጅነትዎ ሊቅ ስለሆኑ ይህ አይገባዎትም።» እኔም ዝም አልሁ። በዚህ በሽበቴ፣ ወገኖቼ፣ ሊቅ ስባል ዝም አልሁ! ቤቴ ገብቼ እህል አልበላልህ አለኝ። ልጄ፣ እዚያ ሦስተኛው አግዳሚ ላይ ተቀምጠሻል፤ ስምሽን አልጠራም። የዛሬው ላንቺ ነው።

ጣሊያን አገር በያዘ ጊዜ ሃያ ዓመት የሞላኝ የቅኔ ተማሪ ነበርሁ። ቅኔ ቤት የደረሰ ሰው ፊደል የማያውቅ ይመስላችኋል? እኔ አላውቅም ነበር። ፊደሉን አጥርቼ ሳልለይ የመጀመሪያው መምህሬ ሞቱ፤ ሌላ ደብር ሄድሁ። እዚያ ያሉት የኔታ «ዳዊት ደግመሃል?» ብለው ሲጠይቁኝ «አዎ» አልሁ። አጠገቤ ዓይነ ስውር ተማሪ ነበር። ጓደኞቹ እያነበቡለት በጆሮው ይይዛል፤ እኔም አብሬው እይዛለሁ። እሱስ ዓይን ስለሌለው ነው፤ እኔ ሁለት የሚያዩ ዓይኖች ነበሩኝ። ጆሮዬ ጌታ የሰጠኝ ስለነበረ አንዴ የሰማሁት አይጠፋኝም። መጽሐፉን ጉልበቴ ላይ እዘረጋለሁ፣ ቅጠሉን በሰዓቱ እገልጣለሁ፣ ማን ያውቅብኛል? ቅኔ ቤት ከገባሁ ወዲያማ ጨርሶ ተገላገልሁ። እዚያ ትምህርቱ በቃል ነው፤ መጽሐፍ ግለጥ የሚለኝ አልነበረም።

ጦርነቱ ጉባኤያችንን በተነው። እኔም ከደብረ ኤልያስ ወዲህ ካለች አንዲት መንደር ተጠጋሁ። የመንደሩ ቄስ ከአርበኞች ጋር ጫካ ገብተው ስለነበር፣ የተማረ የሚባለው እኔ ብቻ ሆንሁ። «ተሜ» ይሉኛል፣ ያበሉኛል፣ ከበሽተኛ ራስ ላይ ዳዊት ያስደግሙኛል። ተከበርሁ! ያ ክብር ነው ያጠፋኝ።

በዚያ መንደር እትዬ ትርንጎ የሚባሉ ሴት ነበሩ። ባላቸው አያ ቢሻው ጫካ የገቡ አርበኛ ናቸው። እትዬ ትርንጎ መራመድ ከማይችሉ ሽማግሌ አባታቸውና ከአንዲት ቀይ ላም ጋር ቀርተዋል። አንድ ቅዳሜ ከገበያ የተመለሰች ሴት በጌሾ ጆንያ ውስጥ ደብቃ ደብዳቤ አመጣችላቸው። አያ ቢሻው በገዛ እጃቸው የጻፉት ነው። እትዬ ትርንጎ ወረቀቱን በሁለት እጃቸው ይዘው መጡና «ተሜ፣ በሞቴ አንብብልኝ» አሉኝ። ጎረቤቱ ሁሉ ተሰብስቧል። አባታቸው መደብ ላይ ሆነው ጆሯቸውን አዘንብለዋል።

ወረቀቱን ገለጥሁት። ከላይ የስማቸውን መነሻ ፊደል ለየሁ፤ ከዚያ በታች ያለው ለእኔ የፈሰሰ ቀለም ነበር። አልችልም ማለት ነበረብኝ። አንድ ቃል ብቻ! እኔ ግን፣ ደብዳቤ ሲጀመር እንዴት እንደሚጀመር ማንም ያውቃልና «ይድረስ ለውድ ባለቤቴ ለትርንጎ፣ እንዴት ሰንብተሻል፣ እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ» ብዬ ጀመርሁ። ከዚያ ወዲያ ፈጠርሁ። ቅኔ የተማርሁ ነኝ፣ ቃል አይቸግረኝም። «ከቤትሽ ሳትነቃነቂ ተቀመጭ፣ አባትሽን ጡሪ፣ ላሚቱን ጠብቂ፣ ለመኸር እመጣለሁ» አልሁ። ሴቶቹ እልል አሉ። ሽማግሌው እጃቸውን ዘርግተው መረቁኝ። እትዬ ትርንጎ ያችኑ ላም አልበው በቅል ወተት ሰጡኝ፣ እኔም ጠጣሁ።

በአራተኛው ቀን፣ ወገኖቼ፣ የጣሊያን ወታደሮች ባንዳ እየመራቸው መጡ። እትዬ ትርንጎ ውሃ ወርደው ነበር። ሲመለሱ ቤታቸው ነዷል፣ አባታቸውም እዚያው ውስጥ ነበሩ።

በማግስቱ ቀበርናቸው። ከቀብሩ ስንመለስ እትዬ ትርንጎ ከብብታቸው ያን ወረቀት አወጡ። «እስቲ ድገመው» አሉኝ። «እውነት ቢሻው ተቀመጭ ብሎኛል?»

እስከ ዛሬ የዘለልሁላችሁ ይህን ነው። የመጀመሪያውን ያደረግሁት ከእፍረት ነው፤ ምን እንደሚያስከትል አላውቅም ነበር። ሁለተኛውን ግን እያወቅሁ አደረግሁት። ወረቀቱን ተቀበልሁና ያን የፈጠርሁትን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ደገምሁላቸው። አንድ ቃል አላጎደልሁም። እሳቸውም «እንግዲያ አባቴን የገደለው ቢሻው ነው» ብለው ወረቀቱን አጥፈው ወደ ብብታቸው መለሱት። እኔም እንዲያ እንዳመኑ ተውኋቸው። ጌታ ሆይ፣ ያን ቀን ምነው ዲዳ ባደረግኸኝ!

ደብረ ማርቆስ ሸሸሁ። ወረቀቱ ምን እንደሚል በእርግጥ አላውቅም፣ ምናልባት እኔ እንዳልሁት ይል ይሆናል እያልሁ ራሴን አባብል ነበር። አለማወቄን ተከልዬ ኖርሁ። ሥራ ስፈልግ አቶ ጃለታ የሚባሉ ከወለጋ የመጡ ልብስ ሰፊ ዘንድ ገባሁ፤ ካውያውን በከሰል ማጋል፣ ጨርቅ ማጠፍ ነው ሥራዬ። አቶ ጃለታ ከጨርቁ ክምር ሥር የአማርኛ ወንጌል ነበራቸው። አንድ ቀን «ተማሪ ነህ አሉ፣ ዓይኔ ደክሟልና አንብብልኝ» አሉኝ። «እኔ የግእዝ እንጂ የአማርኛ መጽሐፍ አላነብም» አልኋቸው፣ እየኮራሁ! ሰውየው ዳዊት ተውሰው አመጡ። ያን ጊዜማ እንደ ውሃ አወረድሁት። ዝም ብለው ከሰሙኝ በኋላ ጣታቸውን ከመስመሩ መሃል አሳረፉና «ይህች ቃል ማን ናት?» አሉኝ።

እንዴት ልድረስባት? ከመዝሙሩ መጀመሪያ ተነስቼ በሹክሹክታ እየደገምሁ ላገኛት ሞከርሁ። የትኛዋ እንደሆነች ሳላውቅ አለፍኋት። እንደገና ጀመርሁ፣ እንደገና አለፍኋት። ላቤ መጽሐፉ ላይ ጠብ አለ።

አቶ ጃለታ አልሳቁም። «ወንድሜ፣ እኔም የተማርሁት በሃያ ስምንት ዓመቴ ነው» አሉኝ። «ትምህርት ቤቱ ውስጥ ለእኛ ለትልልቆቹ ለብቻችን አግዳሚ ነበረን። ልጆቹ በመስኮት እያዩን ይስቁ ነበር። ና ተቀመጥ፣ እዚህ መስኮት የለም።» ስሙ ይባረክ! ሰው ሳያዋርድ የሚያስተምር ሰው የሰጠኝ ጌታ ስሙ ይባረክ!

በልብስ ሰፊ ጠመኔ ጥቁር ጨርቅ ላይ ይጽፉልኛል፣ ሳውቀው ያራግፉታል። ከመጀመሪያ አያስነብቡኝም። ከመሃል፣ ከመጨረሻ፣ ካላሰብሁት ቦታ ያስጀምሩኛል። አንድ ዐረፍተ ነገር ስጨርስ መጽሐፉን ይዘጉና «አሁን በራስህ አፍ ምን አለ?» ይሉኛል። ቃሉን እንዳለ ስደግምላቸው «ይህማ ጆሮህ ነው፤ እኔ የምፈልገው አንተን ነው» ይላሉ። በመጨረሻ የገባኝን እጽፋለሁ። እናንተ የኮሌጅ ልጆች፣ አባባ ለምን መጽሐፍ እየዘጉ ያስቸግሩናል የምትሉት ከዚያ የመጣ ነው።

ስምንት ወር ያህል ቆየሁ። አንድ ከሰዓት በኋላ፣ በቤተ መቅደስ በሩቅ ቆሞ ዓይኑን ወደ ሰማይ ማንሣት ያልደፈረውን የዚያን ቀራጭ ታሪክ ከመሃል አስጀመሩኝ። ደረቱን ከሚመታበት ስደርስ አቆምሁ።

«ቀጥል» አሉኝ።

«አልችልም።»

«ቃሉ ከበደህ?»

«ቃሉስ አልከበደኝም፣ ጋሼ። ገባኝ።»

ሁሉን ነገርኋቸው። ወተቱን ሳላስቀር። ካውያውን ከጨርቁ ላይ አንሥተው አስቀመጡ። ከዚያ «ጌታ ይቅር ይልሃል፤ ለዚህ እኔ ምስክር ነኝ። በእትዬ ትርንጎ ፈንታ ግን ይቅር ልልህ አልችልም። እዚያ በእግርህ መሄድ አለብህ» አሉ። በብጥስጣሽ ጨርቅ ላይ ተንበርክከን ያን ቀን ሕይወቴን ለጌታ ሰጠሁ። ሃሌ ሉያ! ከደረቴ ላይ ድንጋይ ተነሣልኝ።

ግን ወዲያው የሄድሁ እንዳይመስላችሁ። ክረምቱን ሙሉ ዳንሁ፣ ዳንሁ እያልሁ እየዘመርሁ ከረምሁ። መንገዱ ጭቃ ነው፣ ጣሊያን ኬላ ላይ ይይዘኛል፣ እያልሁ። የፈራሁት ጣሊያንን አልነበረም።

መስከረም ላይ ሄድሁ። እትዬ ትርንጎ ይጁቤ በሚባል አገር፣ ወንድማቸው ቤት ነበሩ። አያ ቢሻው ጫካ ሞተው መርዷቸው ከመጣ ከርሟል። እትዬ ትርንጎ ግን ለባላቸው ከል አልለበሱም፣ አላለቀሱምም፤ አገሩ ሁሉ ያማቸው ነበር። ሲያዩኝ «ተሜ፣ በሕይወት አለህ?» ብለው መቀመጫ ሰጡኝ። አልተቀመጥሁም። «እትዬ፣ ያ ደብዳቤ አለ?» አልኋቸው። «ላቃጥለው ብዬ እጄ እንቢ አለኝ» አሉና አወጡት።

ቆሜ አነበብሁት። እንዲህ ይል ነበር። «ትርንጎ፣ ይህ እንደደረሰሽ አንድ ቀን አትደሪ። ቤታችንን ጠቁመውብናል። አባትሽን በቃሬዛ አሸክመሽ ይጁቤ ወንድምሽ ዘንድ ግቢ። ለላሚቱ ብለሽ እንዳትዘገዪ፤ ላም ይገኛል። አንቺን ግን ከየት አገኛለሁ?»

«ያን ቀን ማንበብ አልችልም ነበር» አልኋቸው። «ሁለቱንም ጊዜ ከራሴ ፈጥሬ ነው። አያ ቢሻው ተቀመጭ አላሉም።»

ወንድማቸው ዱላውን አንሥቶ ተነሣ። እሳቸው እጁን ያዙ። ወረቀቱን ትኩር ብለው አዩና «ድገመው» አሉኝ። ከላይ ስጀምር «እሱን አይደለም። ከላሚቱ ጀምር» አሉኝ።

ጣቴን ከመሃል አሳረፍሁ። አነበብሁ። ያን ጊዜ እትዬ ትርንጎ «ቢሻው! ቢሻውዬ! ጠላሁህ እኮ!» ብለው ጮኹ። ጎረቤት አዲስ ሞት የመጣ መስሎት ሮጦ መጣ። በማግስቱ ከል ለበሱ።

ወገኖቼ፣ ይቅር ብዬሃለሁ የሚለውን ቃል ከእትዬ ትርንጎ አፍ እስኪሞቱ ድረስ አልሰማሁም። ልጠይቃቸውም አልደፈርሁም። በሦስተኛው ቀን ግን፣ ልሄድ ስነሣ፣ «የት ትሄዳለህ? ፊደል አስቆጥረኝ እንጂ» አሉኝ። «ከእንግዲህ የቢሻውን ወረቀት ሰው አያነብልኝም።» የመጀመሪያዋ ተማሪዬ እሳቸው ናቸው። በጥር ወረቀቱን ራሳቸው አነበቡት፤ እኔ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ ሰማሁ።

ጌታ ይመስገን! እፍረቱ እስከ ዛሬ አለ፣ አልዋሻችሁም። ጌታዬ እፍረቴን ሳይጠየፍ አጠገቤ ተቀመጠ፤ ሽማግሌ አድርጎ እዚህ አቆመኝ። በእሱ ተማመኑ። የማትችሉትን ብትነግሩት አይደነግጥም፣ አስቀድሞ ያውቀዋል።

ልጄ፣ እኔ ከልጅነቴ ሊቅ አልነበርሁም። ያቃተሽ ነገር በደንብ ይገባኛል። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ነይ፣ አግዳሚው ሰፊ ነው። ያንኑ ያስለቀሰሽን መጽሐፍ ይዘሽ ነይ፤ ከመሃል እንጀምረዋለን።