ለእንግዳ የተቀመጠ ቤተ ሙከራ

ሀዋሳ የማስተምርበት ትምህርት ቤት ቤተ ሙከራ አለው። አለው ስል፣ ቁልፉ ርዕሰ መምህሩ ኪስ ውስጥ አለ ማለቴ ነው። ቢከሩም የሙከራ ቱቦውም ከነካርቶኑ ተደርድሯል። «ልጆች ይሰብሩታል» ይላል። ለእንግዳ ተብሎ ቁምሳጥን ውስጥ የሚቀመጥ ብርጭቆ አውቃለሁ፤ እኔም ቤት አለ። ለእንግዳ የሚቀመጥ ትምህርት ግን ያየሁት እዚህ ነው። ባሰብኩት ቁጥር ደሜ ይፈላል።

ስለዚህ ስድስተኛ ክፍሎችን ከኩሽና በሚገኝ ነገር አስተምራቸዋለሁ። ቤኪንግ ሶዳ ፊኛ ውስጥ እንጨምራለን፤ ፊኛውን አቼቶ ባለበት የሃይላንድ ጠርሙስ አፍ ላይ እናጠልቃለን፤ ቀና ስናደርገው ማንም ሳይነፋው ያብጣል። ክፍሉ በጩኸት ይደበላለቃል። አንዲት ልጅ ግን አልጮኸችም፤ ጠርሙሱን ትዳብስ ነበር። «ቲቸር፣ ቀዘቀዘ እኮ!» አለችኝ። ማንም አልነገራትም፤ በእጇ ነው ያገኘችው። ከልጆቹ የምፈልገውም ይህንኑ ነው፤ መጽሐፉ የሚለውን ወይ እኔን ደስ የሚለኝን ሳይሆን ያዩትን እንዲናገሩ።

ባለፈው ዓመት እንግዶች ይመጣሉ ተባለ። ቤተ ሙከራው ተከፈተ፣ አቧራው ተጠረገ፣ ነጭ ጋውን ከየት እንደሆነ እንጃ ተገኘ። ርዕሰ መምህሩ ልጆች መርጦ ቢከር አስያዘና አሰለፋቸው። ቢከሩ ውስጥ የነበረው የቧንቧ ውሃና የዱቄት ጁስ ነው። አዎ፣ ጁስ! «ስትጠየቁ ኬሚካል ነው በሉ» አላቸው።

«የሚያውቁትን ለምን አይሠሩም?» ብዬ ስጠይቀው፣ «አቼቶ ይሸታል፤ እንግዳ ፊት ነውር ነው» አለኝ።

ያቺ ጠርሙሱን የዳበሰችው ልጅም ከተሰለፉት መካከል ነበረች። ከእንግዶቹ አንዷ ወደ እሷ ጎንበስ ብላ፣ «የኔ ቆንጆ፣ ይሄ ምንድን ነው?» አለቻት። ልጅቷ ቢከሩን አየችው፣ አሸተተችው።

«የብርቱካን ጁስ ነው።»

እንግዶቹ ሳቁ። ርዕሰ መምህሩም በጥርሱ ብቻ ሳቀ።

በነጋታው ወላጅ አምጪ ተባለች። እናቷ ሐይቅ ዳር ካሉት ሆቴሎች በአንዱ አንሶላ ስታጥብ የምትውል ሴት ናት፤ ከሥራዋ አስፈቅዳ መጣች። «ልጅሽ ትምህርት ቤቱን አዋርዳለች» ብሎ ጀመረ ርዕሰ መምህሩ።

«እውነቱን እኮ ነው የተናገረችው!» አልኩ።

«ዋሸች አልወጣኝም። እንግዳ ፊት ግን አይባልም።»

እናትየዋ እኔንም እሱንም አየችን፤ ማን እንደሚያባርርና ማን እንደማያባርር ለማወቅ ጊዜ አልፈጀባትም። «ይቅር ይበሉን ጌታዬ፣ ልጅ ናት፤ ሁለተኛ አይለምዳትም» አለች። ከዚያ ልጇን በሲዳምኛ ቆጣ አለቻት። ልጅቷ መሬት መሬት እያየች «ይቅርታ» አለች። ጠረጴዛውን መገልበጥ አማረኝ። እናትየዋን አልፈርድባትም፤ ልጇ ከትምህርት ገበታ እንዳትቀር ነው የፈራችው። እሱን ግን እስካሁን ሰላም ስለው ጥርሴን ነክሼ ነው። አንዲት ልጅ ያየችውን በመናገሯ ይቅርታ ያስጠየቀ ሰው፣ ከዚያ ወጥቶ በሰልፍ ላይ ስለ ሳይንስ ጥቅም ንግግር አደረገ።

በሳምንቱ ቀይ ጥቅል ጎመን ቀቅዬ ውሃውን በብርጭቆ ይዤ ገባሁ። ሐምራዊ ነው፤ ሎሚ ሲነካው ወዲያው ወደ ሮዝ ይለወጣል። ሎሚውን ለእሷ ሰጠኋት። ጨመቀችበት። ቀለሙ ተለወጠ፣ ልጆቹ ከየወንበራቸው ዘለሉ።

«ምን ሆነ?» አልኳት።

ብርጭቆውን አላየችም። እኔን አየችኝ።

«ምን ልበል፣ ቲቸር?»