ለጎርፉ እልል ያልን ጊዜ

የልጅ ልጆቼ ሰሞኑን አንድ ተከታታይ ድራማ ይዘዋል፤ ከተማ በጎርፍ ሲጥለቀለቅ የሚያሳይ ነው። ውሃው ደጃፍ በደረሰ ቁጥር ትንሿ ትራስ ፊቷ ላይ ትደፋለች፤ ትልቁ ደግሞ «ውጪ እንጂ አንቺ ሴትዮ!» እያለ ቴሌቪዥኑን ይቆጣል። «እማማ፣ አንቺ አትፈሪም?» ይሉኛል። ምን ብዬ ልንገራቸው?

አሥራ ሰባት ዓመት ገደማ ሆኖኝ፣ መርሳ ሳለን፣ እኔም እንዲህ ያለ የጎርፍ ፊልም አይቻለሁ። ፊልም የሚያሳይ መኪና በገበያ ቀን እየመጣ፣ ፀሐይ ስትጠልቅ መጋዘኑ ግድግዳ ላይ አቡጀዴ ይወጥራል። ታሪኩ ባለ ሦስት ክፍል ነበር፣ በየገበያው አንድ። ባለ መኪናው ራሱ በድምፅ ማጉያ ወደ አማርኛ እየመለሰ ይነግረናል።

ያን ዓመት በልጉ ቀርቷል። ሰኔ ገብቶም ሰማዩ የታጠበ ሳህን ይመስላል፤ የሲሪንቃ መንገድ አቧራ እግር ይውጣል። ገበያው ሻጭ ብቻ ሆነ። ቤታችን የቀረን ጥቂት የማሽላ ዘር ነበር። እናቴ ቆልተን ስንቅ እናድርገውና ወደ ደሴ እንሂድ ትላለች፤ አባቴ ዘርማ አይነካም ብለው አሻፈረኝ አሉ። በዚሁ ተኳርፈው ሰነበቱ።

የመጀመሪያው ክፍል ደመና ብቻ ነበር። ደመናው ተራራው ላይ ሲቆለል ሰዉ ሁሉ ብድግ አለ። በሁለተኛው ገበያ ዝናቡ ወረደ። ኧረ ምኑን ልናገር! ወንዙ ሞልቶ ቤት ገባ፤ አንዲት ሴት ልጇን አቅፋ ጣሪያ ላይ ትጮኻለች። ባለ መኪናው ሊያስደነግጠን ድምፁን እያንቀጠቀጠ ይተርካል። እኛ ግን እልል አልን። ጎረቤታችን ሼሁ «አልሐምዱሊላህ» ብለው ፊታቸውን በመዳፋቸው አበሱ፤ ክርስቲያኑ ያማትባል። ለሴትዮዋ ያዘነላት የለም፣ እኔም ጭምር። ባለ መኪናው «ሰዎቹ እኮ እያለቁ ነው» ቢለን ማን ሰምቶት!

አባቴ እልል አላሉም። ዓይናቸው እንባ ሞልቶ «ምልኪ ነው» አሉኝ።

«አባዬ፣ የሰው አገር ዝናብ ነው እኮ። ፊልም ነው።»

«ዝናብ ዝናብ ነው። ፈጣሪ በከንቱ አላሳየንም።»

በማግስቱ የከሱትን በሬዎች ጠምደው ዘሩን በደረቅ መሬት ዘሩት። እናቴ ማሳው ዳር ተቀምጣ አየች። ከትልሙ ውስጥ ጉንዳን ዘሩን እየጎተተ ሲወጣ አየሁ። ለማንም አልተናገርኩም።

ሦስተኛው ገበያ ሳይደርስ ወደ ደሴ ተነሣን። አባቴ ግን ቀሩ። «ሲበቅል ወፉን ማን ይጠብቃል?» አሉ። እስከ ውርጌሳ ድረስ ዞር እያልኩ አየሁ። ከዚያ ወዲህ ዓይናቸውን አላየሁም። ባለ መኪናው ሦስተኛውን ክፍል ይዞ ሲመጣ ተመልካች አጣ ሲሉ ሰማሁ።

ትናንት ድራማው ላይ ዝናቡ ሲጀምር ልጆቹ ተሸፋፈኑ። እልልታው ጉሮሮዬ ድረስ መጣና ዋጥኩት።

«እማማ፣ ሴትዮዋ ትተርፋለች?» አለችኝ ትንሿ፣ ከትራሱ ሥር።

ሴትዮዋን ልብ አላልኳትም ነበር። እኔ የማየው ውሃውን ነው፤ የእኛ ማሳ ይደርስ እንደሆነ።