ለወፍ የተተወችው ጥግ

ንዴቴ አርጅቶ ይለቀኛል ብዬ ስጠብቅ እኔው አረጀሁ። ሊሙ ገነት በተነሳ ቁጥር ሰው የሚያወራው ስለ ቡናው ነው። እኔን የሚያበግነኝ ግን አንዲት ቁጥቋጦና የገዛ አፌ ነው።

በደርግ ጊዜ ነው። ጅማ ጊንጆ ሰፈር ከሚገኘው የወላጆቼ ቤት ወጥቼ በሊሙ ገነት ዙሪያ የእርሻ ባለሙያ ሆኜ ተመደብኩ። ሥራዬ፣ ገበሬው ከቡናው ሥር የሚበቅለውን አረምና ቁጥቋጦ በጊዜው መመንጠሩን እየዞሩ አይቶ መፈረም ነበር። የሁለት ዓመት ትምህርት ስለነበረኝ የማላውቀው ነገር ያለ አይመስለኝም ነበር።

ከማያቸው ማሳዎች ሁሉ የሚያምረው የአንድ ሙስሊም ሽማግሌ ማሳ ነበር። ቡናውን በልጅነታቸው ከአባታቸው ጋር የተከሉት ናቸው። ግን ሁልጊዜ ከአንድ ትልቅ ዋንዛ ሥር አልጋ የምታህል ጥግ ሳይመነጥሩ ይተዋሉ። ለምን ብዬ ስጠይቃቸው በገጀራቸው ጫፍ አሳዩኝ። አንዲት ቡናማ፣ ከጡጫ የማትበልጥ ወፍ የረገፈውን ቅጠል በመንቁሯ እየገለበጠች ትል ትለቅማለች። ዛፍ ላይ አትወጣም፣ ገላጣ ቦታ ላይ አትታይም፤ ኑሮዋ እዚያች ቁጥቋጦ ውስጥ ነው። እሳቸው ምንጠራ ሲጀምሩ ብቻ ብቅ ብላ፣ ገጀራው ያስበረገገውን ነፍሳት ለመልቀም እግራቸው ሥር ትመጣለች። አባታቸውም እንዲሁ ጥግ ይተዉላት ነበር። እሷ ቤት እስካላት ድረስ ቡናዬን ትል አያስቸግረውም፣ የቀረውን አላህ ያውቃል አሉኝ። ምንም ሳልል ፈረምኩ። በዚያ አገር የሠራሁት ብልህ ነገር ቢኖር እሱ ብቻ ነው።

በዓመቱ የምንጠራ ዘመቻ ታወጀ። ከጅማ የመጣ አንድ ካድሬ ማሳ ለማሳ ሲዞር ያቺን ጥግ አያት፤ በማግስቱ በገበሬ ማኅበሩ ስብሰባ ላይ ሽማግሌውን አስቆማቸው። ባለሥልጣኖቹ ያን ማሳ ነጥቀው ለአምራቾች ማኅበር ለመስጠት ሰበብ ሲፈልጉ እንደከረሙ አገር ያውቃል። ሆን ብሎ ሥራ አበላሸ በተባለ ሰው ላይ የምትለጠፍ አሻጥር የምትባል ቃል ነበረች፤ አንድ ጊዜ ከተለጠፈች የምትላቀቅ አይደለችም። ይህን ከማንም በላይ የሚያውቁት ሽማግሌው ናቸው። ስለዚህ አንገታቸውን ደፍተው ጉልበቴ ደከመ፣ ሰነፍኩ፣ ነገ እጨርሳለሁ አሉ። ካድሬው አባቱ ሊሆኑ የሚችሉትን ሰው በሕዝብ ፊት ሰነፍ፣ ለአብዮቱ ሸክም እያለ ሰደባቸው። ደሜ ፈላ። ነገሩ ግን አልቆ ነበር። የአንድ ቀን የጉልበት ሥራ ቅጣት ጥሎባቸው ወደ ሌላ ጉዳይ ሊያልፍ ወረቀቱን ገልብጧል።

ተነሳሁ። ማን ተነስ አለኝ? እኚህ ሰው ሰነፍ አይደሉም፣ አስበውበት፣ ሆን ብለው ነው የተዉት አልኩ። ስለ ወፏም፣ ስለ ትሉም፣ ስለ አባታቸው ልማድም፣ ትምህርት ቤት የቃረምኩትን እየጨማመርኩ አስረዳሁ። ያላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል የተባለው ለእንደኔ ዓይነቱ ነው።

ካድሬው አላቋረጠኝም። ስጨርስ፣ ሆን ብለው የሚለው ቃል በቃለ ጉባኤው እንዲሰፍር ጸሐፊውን አዘዘና ወደ ሕዝቡ ዞረ።

"መሬት ላራሹ ነው የተባለው። መሬት ለወፍ ያለ አለ?"

ሰው ሳቀ። የፍርሃት ሳቅ መሆኑን አውቃለሁ፤ ቢሆንም ያን ቀን ያየሁትን ጥርስ ሁሉ እስከ ዛሬ እጠላዋለሁ። ማሳው ለአምራቾች ማኅበር እንዲሆን ተወሰነ። እኔ ደግሞ ሐቁን በማጋለጤ ተመሰገንኩ፤ ተጨበጨበልኝ።

ስንበተን ሮጬ ደረስኩባቸው። አባባ፣ እርስዎን ለማዳን ብዬ ነው፣ ይቅር ይበሉኝ አልኩ። ቢረግሙኝ በተሻለኝ።

"ኢልማ ኮ፣ ልጄ፣ ሰነፍ ተብዬ ቡናዬን ይዤ እሞት ነበር" አሉኝ። "ሰነፍ መባል ምን አለው? አንተ ለስሜ አሰብክ።"

በዚህም አላበቃም። ጥጓን ራሳቸው እንዲመነጥሩ፣ እኔም ቆሜ አይቼ እንድፈርም ታዘዘ። እምቢ ማለት ይቻል ነበር፤ አላልኩም። ጠዋት ገጀራቸውን ይዘው መጡ፤ ሰላምታዬን መለሱልኝና ቢስሚላህ ብለው ጀመሩ። የመጀመሪያው ቅርንጫፍ ሲወድቅ ወፏ እንደ ልማዷ ብቅ አለችና እግራቸው ሥር ወረደች። የገዛ ቤቷን እየቆረጡ መሆኑን በምን ታውቃለች? እሳቸው እንዳይመቷት በገጀራው ቀስ እያሉ ይቆርጣሉ፣ እሷ የሚበረግገውን ትለቅማለች። የመጨረሻዋ ቁጥቋጦ ስትወድቅ እኔ ብዕሬን አወጣሁ።