የፊልሙ አራሽ

በዚያ በክፉው ዘመን፣ በስልሳ ስድስት፣ ቆቦ በረሃብተኞች መጠለያ ውስጥ ስሙን ለማንም ያልነገረ ሽማግሌ ነበር። ከዋጃ በኩል መጣ ይባላል። የለበሰው ቡሉኮ አልቆ ክሩ ቀርቷል፤ መዳፉ ግን እርፍ ያጠነከረው ሰፊ መዳፍ ነው። አጥሚት የምታድለው ደብሪቱ ጣሳውን ስታቀርብለት፣ “ለልጆቹ ስጪ” ብሎ ፊቱን ወደ ግድግዳው ያዞራል። እሷም በዚያ ወራት ሊሞት የቆረጠ ሰው ምን እንደሚመስል ለይታ ነበርና ሥጋት ገብቷታል።

አንድ ማምሻ የጤና ሰዎች በመኪና ፊልም አምጥተው ነጭ አንሶላ ላይ አሳዩ። አንድ ገበሬ ሲያርስ ታየ። ሽማግሌው ቀና አለ።

“መልኩስ መልካም ነው፤ ማረስ ግን አያውቅም። እርፉን የሙሽራ እጅ አስመስሎ ነው የያዘው።”

አጠገቡ ያሉት ሳቁ። የገበሬው ሚስት ምሳ ይዛ መጣች።

“የሷስ ቀሚስ? በእርሻ መሀል መጥታ አቧራ አልነካው። ከሁሉም ውሻቸው ይሻላል፤ እሱስ የምሩን ነው የሚጮኸው።”

መጠለያው ከስንት ጊዜ በኋላ በሳቅ ተናጋ። ገበሬው በሬውን ፊቱ ላይ ሲመታ ግን ሽማግሌው ብድግ አለ።

“ቀኙ በሬ ደክሟል፤ ፍታው እንጂ ምን ትገርፈዋለህ” ሲል ድምፁ ሰለለና ተቀመጠ።

ደብሪቱ ጣሳውን ይዛ ቀረበች። “አባባ፣ በባዶ ሆድ ስድብ አያምርም።”

“ነገም ያሳዩታል?”

“ያሳዩታል።”

“እንግዲያማ አምጪው።”

ግጥም አድርጎ ጠጣና ከንፈሩን ጠረገ። “ክረምቱ ይግባ ብቻ፤ ማረስ ምን እንደሆነ አሳየዋለሁ። ድገሚኝ።”

ደብሪቱ እልል አለች፤ ሴቶቹም ምክንያቱን ሳይጠይቁ ተቀበሏት።