የሞተው የነጥብ መስመር

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። እኔ አልረሳሁም፤ ይቅር ለማለትም ሞክሬ አላውቅም።

ያኔ ካዛንቺስ አንድ ምግብ ቤት ውስጥ ኪቦርድ እጫወት ነበር። ኦሎምፒያ አካባቢ የግራፊክስ ሱቅ የከፈተው አብሮ አደጌ ከሥራ ሲወጣ እየመጣ አጠገቤ ይቀመጣል። አንድ ቀን እስክስታ ሲወርድ ቢራውን ኪቦርዴ ላይ ደፋው። «በቃ ይደርቃል፣ አታካብድ!» ብሎ ሳቀ። እውነትም ደረቀ፤ ድምፁም ተረፈ። የኪቦርዱ ትንሽ ስክሪን ላይ ግን ከታች ሁለተኛው የነጥብ መስመር ከዳር እስከ ዳር ሞተ። ከዚያ ወዲያ የሚወጣው ፊደል ሁሉ ቁርጭምጭሚቱ ላይ የተቆረጠ ሆነ።

ያንን ስክሪን እወደው ነበር። እያንዳንዱ ፊደል ከጥቃቅን ነጥቦች የተገጣጠመ ነው። የሚያናድደኝ ኪቦርዱ አማርኛ አለማወቁ ነበር፤ የትዝታንም የችክችካንም ስም የጻፍኩበት በፈረንጅ ፊደል ነው። ስለዚህ ምግብ ቤቱ ባዶ በሚሆንበት ሰዓት ካሬ ወረቀት ዘርግቼ የስክሪኑን ፊደላት ነጥብ በነጥብ ገለበጥኩ። ቀጥዬ በዚያው ልክ የኛን ፊደል ሠራሁ። «ጭ» አስለቀሰችኝ፤ ያ ሁሉ እግርና ቀለበት በዚያች ጠባብ ሳጥን አልገባም አለ። የሞተውን መስመር ከነሞቱ ተውኩት። እኔ ያየሁትን ነው የምገለብጠው።

አብሮ አደጌ ወረቀቶቹን አይቶ ተደነቀ።

«አምጣ፣ ኮምፒውተር ላይ ፎንት ላድርግልህ» አለኝ።

ሰጠሁት። ወራት ቆይቶ ከደምበል እስከ ሰንጋ ተራ ግድግዳው ሁሉ በኔ ፊደል ተሞላ። የአንድ ዘፋኝ አዲስ ሲዲ ፖስተር ነው፤ ከሥሩ የፊደሉ ሠሪ ተብሎ የሱ ስም ተጽፏል። ሱቁ ሄጄ ጠየቅኩት።

«ነጥብ እኮ የማንም አይደለም» አለኝ፣ ዓይኑን ከኮምፒውተሩ ሳያነሳ። «ማለቴ፣ እኔ ነኝ የሠራሁት ብትል ማን ያምንሃል?»

በጥፊ ማጮል አማረኝ። ቂሜን ቋጥሬ ወጣሁ።

ሲዲው የተመረቀው እዚያው ካዛንቺስ፣ አንድ ሆቴል አዳራሽ ውስጥ ነው። በንግግሮቹ መካከል እንድጫወት ዘፋኙ ጠራኝ፤ እሱ የኛን ጉዳይ አያውቅም። «አዲስ ኪቦርድ አለልህ» ቢለኝ፣ የራሴን አመጣለሁ አልኩት። የኛ አገር ቪዲዮ ቀራጭ፣ ሠርግም ይሁን ምረቃ፣ ኪቦርድ ተጫዋች ካየ ጣቱን ሳያጎላ አያልፍም። የተማመንኩት በዚያ ነበር።

አብሮ አደጌ ከረቫቱን አስሮ መድረክ ላይ ወጣ። ከኋላው ፊደሎቼ ትልቅ ባነር ላይ ተሰቅለዋል።

«ከታች ያለችው ክፍተት ሆን ተብላ የተደረገች ናት» አለ አፉን ሞልቶ። «በድምፅና በድምፅ መካከል ያለውን ዝምታ ትወክላለች።»

ተጨበጨበለት። ወገኛ! ሳቄን ዋጥ አድርጌ ተራዬን ጠበቅኩ።

መጫወት ስጀምር ካሜራው እንዳሰብኩት መጣ። መጀመሪያ ጣቶቼን፣ ቀጥሎ ከጣቶቼ በላይ ያለውን ስክሪን አጎላ። ፕሮጀክተሩ ደግሞ ያንን ሁሉ ከባነሩ ጎን ግድግዳው ላይ አወጣው። ያው ክፍተት፣ በዚያው ቦታ። ሰው አንዴ ባነሩን፣ አንዴ ግድግዳውን ያይ ጀመር።

ዘፋኙ በማይኩ ሳቅ እያለ፣ «እንዴ! ዝምታዋ እዚህም አለች?» አለኝ።

መጫወቴን አቁሜ ማይኩን ተቀበልኩት። አብሮ አደጌ ፊት ለፊቴ ተቀምጧል። ዓይኑን እያየሁ፣

«ዝምታ አይደለም» አልኩ። «ቢራ ነው። የደፋውም እሱ ነው።»

አዳራሹ ስቆ እስኪወጣለት ጠበቅኩና ትዝታን ከመጀመሪያው ጀመርኩት። እንደዚያ ቀን አሳምሬ ተጫውቼ አላውቅም።