አዴ ፋጡማ የወደደችው ዝናብ

ልጅ እያለሁ ጃፓን የምትመስለኝ ከጅቡቲ አንድ ፌርማታ አለፍ ብላ ያለች ከተማ ነበረች። ምን ላድርግ፣ ጨርቁም ቴርሞሱም ቴምሩም በባቡር የሚመጣው ከዚያ በኩል ነው። ስለዚህ ባቡር ጣቢያው መጋዘን የሚሠራው አባቴ አንድ ነጋዴ የሰጠውን የጃፓን ካላንደር ጠቅልሎ ሲገባ ብዙም አልገረመኝም። የገረመኝ ውስጡ ነው። ለየወሩ አንድ ሥዕል፤ በረዶ የለበሰ ተራራ፣ ሽመላ፣ የዓሣ ጀልባ፣ ቅጠል ሳይኖረው በአበባ የተሸፈነ ዛፍ። ጃፓኖች ድሮ እንጨት ቀርጸው፣ ቀለም ቀብተው ወረቀት ላይ ያተሟቸው ሥዕሎች ቅጂ መሆናቸውን ያወቅኩት ፀጉሬ ካለቀ በኋላ ነው። ያኔ የማውቀው በድሬ ዳዋ በረዶ ያለበት ግቢ የኛ ብቻ መሆኑን ነበር።

የምንኖረው መጋላ፣ ከአዴ ፋጡማ ጋር አንድ ግቢ ነው። እዚያ ሰፈር ትልቅ ሴት «አዴ» ትባላለች፤ አንቱታ ግን በኛ ሙቀት ይቀልጣል፣ ሁሉም አንቺ ነው። ልጆቿ አግብተው ሄደው ብቻዋን ቀርታ ነበር። ብቻዋን ማለትም ይከብዳል፤ እሷ ምሳዋን የምትበላው እኛ ቤት፣ እኔ የምተኛው እሷ ቤት።

ዓመቱ አልቆ ካላንደሩ ሲሻር እማዬ ሥዕሎቹን በመቀስ ቆረጠችና ከአዴ ጋር ምንጣፍ ላይ ዘርግተው ተካፈሉ። አዴ የምትሰግድበት ክፍል ሰው ያለበት ሥዕል አትሰቅልም። ስለዚህ ሰው የሌለበት ወደሷ፣ ሰው ያለበት ወደኛ። ተራራው ሄደ፣ ሽመላው ሄደ። ለኛ ጀልባው ከነዓሣ አጥማጁ ቀረ።

ችግር የፈጠረው ዝናቡ ነው። ወንዝ ዳር መንገድ አለ፣ ወንዙ እንደኛው አሸዋ ብቻ ሳይሆን ውሃ ሞልቶታል፣ ዝናቡ እንደ ክር ቀጥ ብሎ ይወርዳል። አዴ «ይሄማ የኔ ነው» ብላ አነሳችው። ዓይኔ ያኔ ይሠራ ስለነበር እኔ ሆዬ «አዴ፣ ሰው አለበት!» አልኩ። እውነትም ከጥፍር ያነሱ ሰዎች ጃንጥላ ይዘው ይሮጣሉ።

«ወርያ! አንተ ልጅ፣ ደግሞ ማን እይ አለህ?» አለችና ቅር እያላት መለሰችው።

ከዚያ በኋላ ከሰዓት ቆርቆሮው በሙቀት ሲንጣጣ፣ አዴ ሎሚ የተጨመቀበት ውሃዋን ይዛ ትመጣለች። ሲሚንቶው ላይ ውሃ ረጨት አድርጋ ግድግዳችን ላይ የተሰቀለው ዝናብ ፊት ለፊት ትቀመጣለች። «መስኮቱን ዝጉልኝ እስቲ፣ በረደኝ» ስትል እማዬ ጋቢ ልታለብሳት ትነሳለች። ሁለቱም ላባቸው እየተንጠባጠበ ይስቃሉ። አንድ ቀን እኔም የአባቴን ጃንጥላ ዘርግቼ ሥዕሉ ሥር ተቀመጥኩ። የመጀመሪያ ቀልዴ እሷ ናት። እንደዚያ ያሳቀ ቀልድ እስካሁን አልደገምኩም፣ ባለቤቴን ጠይቁ።

በኋላ አባቴ ሳቢያን የሚባለው ሰፈር ቤት ሠራና ልንለቅ ሆነ። እማዬ ዝናቡን ከግድግዳ አውርዳ ለአዴ ሰጠቻት።

«አስካለ፣ ሰዎቹን የት ላድርጋቸው?» አለቻት አዴ።

«ኧረ አቦ ፋጡሜ! ጀርባቸውን ሰጥተው'ኮ ነው የሚሮጡት፣ አያዩሽም።»

«እኔ አያቸዋለሁ» አለችና ትታው ወደ ክፍሏ ገባች።

እኔን የጨነቀኝ ከሰዓቱ ነው። እኛ ስንሄድ አዴ ያንን ሁሉ ሙቀት ያለ ዝናብ እንዴት ትችለዋለች? ከአባቴ የመድኃኒት ሳጥን ፕላስተር አወጣሁ፣ በትንንሹ ቆረጥኩ፣ እያንዳንዱን ሰው ከነጃንጥላው ሸፈንኩት። መንገዱ የተፈነከተ መሰለ። ይዤላት ስሮጥ ውጭ መኪናው አልጋችንን ጭኖ ቆሟል።

አዴ አይታ ሳቋን ለቀቀችው። «ወርያ፣ የት ወሰድካቸው?»

«ቤታቸው ገቡ» አልኩ።

ሳቋ ቆመ። ባዶውን መንገድ ትንሽ አየችው። «አዎ፣ ሁሉም ቤቱ ገባ» አለችና በሻሿ ዓይኗን ጠረገች። እኔ ፕላስተሩ አስጠልቷት ነው ብዬ «ሌላ ቀለም የለውም» አልኳት። ጎትታ አቀፈችኝ፤ እማዬ ሦስቴ እስክትጣራ አልለቀቀችኝም።

አዴ ካረፈች ቆየች። በቅርቡ የዚያን ሥዕል ምስል በልጄ ስልክ ላይ አገኘሁትና ማተሚያ ቤት ወስጄ አሳተምኩት፣ ሳቢያን ያለው ኮንዶሚኒየም ቤቴም በገዛ እጄ ሰቀልኩት። ባለቤቴ ራቅ ብላ አይታ «ዝናቡ ወደ ጎረቤት ነው'ኮ የሚዘንበው» አለች። ሁለቴ አቃናሁት፣ ሁለቴም ባሰበት።

በማግስቱ ከሰዓት በሩን ከፍቼ ፊት ለፊቱ ተቀመጥኩ። ስንት ዓመት በሰላምታ ብቻ የምንተላለፈው ጎረቤታችን ደረጃውን ሲወጣ «ና ግባ፣ ዝናብ ላሳይህ» አልኩት።

ደነገጠ። «ጋሼ፣ ሰላም ነህ? ያመመህ ነገር አለ?»

«ደህና ነኝ። ትንሽ አረፍ በል ብዬ ነው።»

«ሌላ ጊዜ እገባለሁ» አለ፣ በትህትና። ደህና ሰው ነው፣ አልቀየምኩትም። ብቻ መጋላ ሳለን ማንም ሌላ ጊዜ እገባለሁ ሲል ሰምቼ አላውቅም። አዴ እንኳን ልታስፈቅድ፣ ቀና ስንል ገብታ ተቀምጣለች።

በሩን ሳልዘጋው ቆየሁ። ባለቤቴ ከጓዳ ሆና «አንተ፣ ሙቀቱ ገባ'ኮ!» አለችኝ።

«ተይው» አልኳት፣ «እሱ እንኳን ይግባ።»